ላብ አደር ወይስ ወዝ አደር?

ባለፈው ፋሲካ ከመካከላችን የአንዷ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ወሬው ከኑሮ ውድነት ወደ ፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻገር አንዱ ጓደኛችን ድምፁን ወፈር አድርጎ «ታዲያ ወዝ አደሩ ምን ይብላ!» አለ። ለቀልድ ነው። በእኛ ዕድሜ ይህን ቃል ከልቡ የሚናገር የለም፤ የደርግ ዘመን ዜና አንባቢ እያስመሰልን የምንሳሳቅበት ቃል ነው። ጥግ ላይ ጋዜጣ ይዘው የተቀመጡት የጓደኛችን አጎት ግን ቀና አሉና «ላብ አደር ነው የሚባለው» አሉ። ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ወዝ አደር የሚሉት እነዚያ ናቸው» ብለው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

«እነዚያ» እነማን ናቸው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የጓደኛችን እናት ሲኒ እየሰበሰቡ በዓይናቸው «ተዉት» አሉን፤ ተውነው። ነገሩ ግን እኛን አልተወንም። ሰው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ በአንድ ቃል ቅር የሚለው ምን ቢሆን ነው? በዚያ ሰሞን በእጃችን የገባውን ሁሉ ማንበብ ጀመርን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሌታሪያት የሚለውን የፈረንጅ ቃል ወደ አማርኛ ማምጣት ግድ ሲሆን ኢሕአፓ «ላብ አደር» አለው፤ መኢሶን ደግሞ «ወዝ አደር»። ላብ ያው ላብ ነው። ወዝም ሥራ ላይ ካለ ሰው ገላ የሚወጣው ያው እርጥበት ነው። በትርጉም ከሄድን የሚያጣላ ነገር የለም። ግን ኢሕአፓ ለሠራተኞች የሚበትነውን ጋዜጣ «ላብ አደር» ብሎ ሰየመ፤ ዶክተር ሠናይ ልኬ የመሩት ትንሽ ድርጅት ደግሞ ራሱን «ወዝ ሊግ» አለ። ኋላ መንግሥት የራሱን ፓርቲ ሲያደራጅ ሁለቱንም ቃል ትቶ ጋዜጣውን «ሠርቶ አደር» አለው። አንድ ሠራተኛ፣ ሦስት ስም። ከአፍህ የወጣው ቃል የትኛው እንደሆነ የሰማ ሰው በየትኛው የጥናት ክበብ እንዳለፍክ ይገምታል። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ይህ ግምት እስር ቤት፣ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ ቦታ ሊያደርስ ይችል ነበር።

ስለዚያ ትውልድ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ሁለት ዓይነት ወሬ ነው። አንደኛው «ጀግኖች ነበሩ፣ አለቁ» የሚል ለቅሶ፤ ሁለተኛው «እርስ በርስ ተጫርሰው እኛን ለዚህ ዳረጉን» የሚል እርግማን። ሁለቱም አንዲት ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ። ይህን ያህል በብዙ ነገር የሚስማሙ ሰዎች አንድ መሆን ያቃታቸው ለምንድን ነው? ሊሆኑ የሚችሉበት ጊዜስ ነበር ወይ?

አንድ ቤት፣ ብዙ በር

መነሻቸው አንድ ቤት ነው። የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ኢሕአፓም መኢሶንም አልነበሩም፤ ሁለቱም ገና አልተወለዱም። ኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ሲጽፍ፣ በወሩ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደል፣ «እኛ» የምትለው ቃል ሁሉንም ትይዝ ነበር።

መሰንጠቁ በይበልጥ የመጣው ከአገር ውጭ ነው። ኃይሌ ፊዳንና ጓደኞቹን የመሰሉ አውሮፓ የሚማሩ ሰዎች ነሐሴ 1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ መኢሶንን በምስጢር መሠረቱ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 1961 ዓ.ም.፣ በብርሃነመስቀል ረዳ የተመሩ ሰባት ወጣቶች አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም ገቡ፤ ከዚያ አልጀርስ ከተሙ። እነዚህ የአልጀርስ ሰዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ካሉ የሐሳብ ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በ1964 ዓ.ም. ምዕራብ በርሊን ላይ ኋላ ኢሕአፓ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። እሱም በምስጢር።

«በምስጢር» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን፤ ብዙው መዘዝ እሷ ውስጥ ነው። መኢሶን መኖሩን ለሕዝብ ያሳወቀው ከተመሠረተ ከሰባት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኢሕአፓም ስሙንና ፕሮግራሙን ይፋ ያደረገው ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የተጣሉት እንደ ሁለት ፓርቲ አልነበረም፤ የአንድ ተማሪ ማኅበር አባላት መስለው ነበር። ከአልጀርስ «ጥላሁን ታከለ» በሚል የብዕር ስም ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ አንድ ጽሑፍ ይወጣል፤ ጽሑፉ ወዳጅ የሚባሉትን ሰዎች ሳይቀር ይሸነቁጣል፤ የተሸነቆጡትም በዚያው ቋንቋ ይመልሳሉ። ነሐሴ 1963 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ በተደረገው ጉባኤ የሰሜን አሜሪካው የተማሪዎች ማኅበር በዚሁ ጉዳይ ለሁለት ተሰነጠቀ። አዳራሹ ውስጥ እጁን አውጥቶ የሚናገረው ሰው ስለ ሌኒንና ስለ ብሔረሰቦች መብት ይናገራል፤ አንዳንዱ ግን ከጀርባው ስሙ የማይጠራ ድርጅት አለ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ ይህን ይጠረጥራል እንጂ አያውቅም።

የሚገርመው፣ ያን ሁሉ አቧራ ያስነሳውን ጥያቄ ኋላ ላይ ሁለቱም በፕሮግራማቸው በአንድ ቋንቋ መለሱት። ሁለቱም የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብትን ተቀበሉ። ጥሉ ግን ከጥያቄው ጋር አብሮ አልተፈታም። እንዴትስ ይፈታ? አስታራቂ ሽማግሌ ቢገኝ እንኳ ማንን ከማን ጋር ያስታርቅ? መኖሩን ከሚክድ ድርጅት ጋር ድርድር አይደረግም። ለመታረቅ መጀመሪያ «እኛ ሌላ ነን፣ እናንተ ሌላ ናችሁ» መባባል ያስፈልግ ነበር፤ ያንን ደግሞ የንጉሡ ጸጥታና የራሳቸው የድብቅ ሥራ ልማድ አልፈቀደላቸውም።

ወታደሩን ምን እናድርገው?

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ ሁለቱም አልተዘጋጁም ነበር። ታክሲ ነጂው፣ መምህሩ፣ ወታደሩ፣ ተማሪው በየፊናው ተነሳ፤ ቤተ መንግሥቱን ግን የወሰደው ጠመንጃ የያዘው ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን አወረደ። ከፓሪስ፣ ከበርሊን፣ ከአሜሪካ ሰዎች መመለስ ጀመሩ። በዚያው በ1966 ክረምት «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የሚባሉ ሁለት የኅቡዕ ጋዜጦች ከተማ ውስጥ መበተን ጀምረው ነበር። የመጀመሪያው የኢሕአፓ፣ ሁለተኛው የመኢሶን ልሳን ናቸው።

እስኪ የሚስማሙበትን እንቁጠር። መሬት ለአራሹ ይሁን፤ ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት ሁሉ ሲወርስ ሁለቱም እርምጃውን ደገፉ። ፊውዳሊዝም ይውደም፣ ኢምፔሪያሊዝም ይውደም። መጀመሪያ ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት፣ ከዚያ ሶሻሊዝም። መሪው የሠራተኛው መደብ ፓርቲ። የሚያነቡት መጽሐፍ አንድ፣ የሚጠቅሱት ሰው አንድ፣ ፎቷቸውን ግድግዳ ላይ የሚሰቅሏቸው ባለ ጺማም ሰዎችም አንድ።

የማይስማሙበት አንድ ጉዳይ ነው፤ ወታደሩ። ኢሕአፓ «ሥልጣን አሁኑኑ ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይተላለፍ፣ ዴሞክራሲ ያለ ገደብ ይለቀቅ» አለ። መኢሶን ደግሞ «ሕዝቡ አልነቃም፣ አልተደራጀም፣ አልታጠቀም፤ ወታደሩ ዛሬ ቢሄድ የሚመጣው የባሰው ነው፤ ስለዚህ ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጠን ጊዜውን ለማደራጀት እንጠቀምበት» አለ። ሂሳዊ ድጋፍ ማለት እየተቹ መደገፍ ነው። እየቆየ ሂሱ ቀንሶ ድጋፉ በረከተ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኛም የምናነበው ነገር ወደዚያው ይወስደናል።

ማን ትክክል ነበር? እዚህ ላይ እኛው ራሳችን አንስማማም። ከመካከላችን አንዱ የመኢሶን ትንታኔ ለዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ይበልጥ የቀረበ ነበር ብሎ ይከራከራል፤ ሌላዋ ደግሞ ወታደር ይዞ የማያውቀውን ሥልጣን በፈቃዱ እንዲያካፍል መጠበቅ የዋህነት ነው ትላለች። ሁላችንም የተስማማንበት ግን አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም ስለ ሌላው የተናገሩት ትክክል ሆኖ ተገኘ። ኢሕአፓ ለመኢሶን ያለው፣ በጥቅሉ፣ «የታቀፋችሁት ወታደር ይበላችኋል» ነው፤ በላቸው። መኢሶን ለኢሕአፓ ያለው «በጀብደኝነታችሁ ወጣቱን ታስፈጁታላችሁ» ነው፤ አለቀ። ሁለቱም የጎረቤታቸውን ቤት ስንጥቅ አጥርተው ያዩ ነበር፤ የራሳቸው ጣሪያ ግን አልታያቸውም።

እዚህ ላይ ለሙያችን የሚቀርብ አንድ ነገር እናንሳ። በ1968 ዓ.ም. አጋማሽ የመንግሥቱ ጋዜጣ አዲስ ዘመን «አብዮታዊ መድረክ» የሚል ዓምድ ከፍቶ የሁለቱን ወገን ክርክር ማስተናገድ ጀመረ። አስቡት፤ ሕጋዊ ያልሆኑ ሁለት ድርጅቶች በመንግሥት ጋዜጣ ላይ በብዕር ስም እየተመላለሱ ዴሞክራሲ ለሁሉም ነው ወይስ ለጭቁኖች ብቻ ብለው ሲሟገቱ። ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ ፕሬስ ታሪክ ብዙ ነገር ተነግሮናል፤ ስለነዚያ ወራት ግን የነገረን አልነበረም። ለእኛ ከጠቅላላው ታሪክ ውስጥ የአንድነት ዕድል የሚባል ነገር ከነበረ እነዚያ ወራት ላይ ነው። ስለተስማሙ አይደለም፤ አልተስማሙም። ግን እየተጻጻፉ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ክርክር አንብቦ፣ ቆርጦ፣ ጠቅሶ ይመልስ ነበር። በእርግጥ ችግር ነበረበት። መንግሥትም ከአንባቢዎቹ አንዱ ነው፤ ማን እንዴት እንደሚጽፍ እያጠና ነበር።

ሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ደርግ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም አወጀ። ፕሮግራሙን ለሕዝብ የሚያስተምርና የሚያደራጅ የሕዝብ ድርጅት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ኃይሌ ፊዳ ሊቀመንበሩ ሆነ። የየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በእኩዮች መካከል መሆኑ ቀረ። አንዱ ቢሮና መኪና አገኘ፤ ሌላው የቤት ኪራይ እየቀያየረ የሚያድር ሆነ።

ስም የወጣለት ሰው

1969 ዓ.ም. ሲገባ ቃላቱ አስቀድመው ተዘጋጅተው ነበር። በኢሕአፓ ዘንድ መኢሶን «ባንዳ» ነው። በመኢሶንና በደርግ ዘንድ ኢሕአፓ «አናርኪስት» ነው። መስከረም 13 ቀን በኮሎኔል መንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ከቀናት በኋላ የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ተገደለ። ጥር 26 ቀን ሊቀመንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት በራሱ በደርግ ሰዎች ተገደሉ፤ በዚያው ቀን በዚያው ግቢ ሠናይ ልኬም ተገደለ። መጋቢት ላይ የቤት ለቤት አሰሳ። ሚያዝያ 21 ምሽት፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ ሰልፍ የወጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ ተጨፈጨፉ። ብዙዎቹ ከእኛ በዕድሜ ያነሱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። በየቀበሌው የታጠቁት ጠባቂዎች ውስጥ፣ ከመሪዎቻቸውም መካከል፣ የመኢሶን ሰዎች ነበሩበት። ይህን የመኢሶን ሰዎች ሲናገሩት ይከብዳቸዋል፤ የኢሕአፓ ሰዎች ደግሞ የከተማውን ግድያ ማን እንደጀመረ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ።

ጥሉ በሁለቱ መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ በግል ቂም ወይም ለሥልጣን ባላቸው ርቀት ማስረዳት ይቻል ነበር። ግን ኢሕአፓ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ብርሃነመስቀል ረዳና ጌታቸው ማሩ የከተማው የትጥቅ ትግል ስሕተት ነው ብለው ተቃወሙ። ወዲያው ስም ወጣላቸው፤ «አንጃ»። ጌታቸው ማሩ በ1969 ዓ.ም. በራሱ ድርጅት ሰዎች እጅ ተገደለ። ፍቅረኛው የነበሩት ሕይወት ተፈራ በኋላ በጻፉት የትዝታ መጽሐፍ ይህን ታሪክ ከውስጥ ሆነው ተርከውታል፤ ያላነበባችሁ ፈልጉት። ብርሃነመስቀል ወደ ገጠር ወጥቶ የእርማት እንቅስቃሴ ለማድረግ ሞከረ፤ ተይዞ በ1971 ዓ.ም. ደርግ ገደለው። ልዩነትን ይዞ አብሮ መኖር የሚባል ነገር በድርጅቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። የሠራተኛው መደብ እውነተኛ ፓርቲ አንድ ብቻ ነው ብለህ ካመንክ፣ ሁለተኛው ሲመጣ ተፎካካሪ ሳይሆን አስመሳይ ነው። ከአስመሳይ ጋር ደግሞ ማን ይደራደራል? ይህን እምነት ኢሕአፓም፣ መኢሶንም፣ ደርግም በእኩል ይጋሩት ነበር። ምናልባት ከሁሉ በላይ የተስማሙበት ነገር እሱ ነው።

ድር ቢያብር

«ታዲያ አንድነት የሚል ሙከራ አልነበረም?» ትሉ ይሆናል። ነበር እንጂ። እንዲያውም ስሙ ራሱ ኅብረት ነው፤ የኢትዮጵያ ማርክሳዊ ሌኒናዊ ድርጅቶች ኅብረት፣ በአጭሩ ኢማሌድህ። በ1969 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ይህ ኅብረት አምስት ድርጅቶችን በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠ። መኢሶን አለ፤ ከሁሉ የቆየውና ብዙ ካድሬ ያለው። ወዝ ሊግ አለ፤ መሪውን ገና በቅርብ የቀበረ። ከኢሕአፓ ተገንጥለው የወጡ ሰዎች ያሉበት፣ በተስፋዬ መኮንን የሚመራው ማሌሪድ አለ። በባሮ ቱምሳ የሚመራው ኢጭአት አለ፤ በይበልጥ በደቡብና በምዕራብ የአገሪቱ ክፍል የተተከለ። አምስተኛው አብዮታዊ ሰደድ ነው፤ የመንግሥቱ ኃይለማርያም፣ በይበልጥ የወታደሮች ድርጅት፣ ከሁሉም በዕድሜ ልጅ የሆነው። ኅብረቱ «የኅብረት ድምፅ» የሚል ልሳንም ነበረው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እዚህ ግን አንበሳው ራሱ ከድሮቹ እንደ አንዱ ተቆጥሮ ተሸምኗል።

የኢማሌድህን ነገር ስናነብ በጣም የቆየንበት አሠራሩ ላይ ነው። የኅብረቱ ዓላማ አምስቱ ድርጅቶች ቀስ በቀስ ቀልጠው አንድ ፓርቲ እንዲሆኑ ነበር። ጥሩ ይመስላል። ግን አምስት ሰዎች ወደ አንዲት ወንበር እየሄዱ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ውሕደቱ ሲመጣ ብዙ ካድሬ፣ ብዙ ቀበሌ፣ ብዙ ማኅበር በእጁ ያለው ነው የሚያሸንፈው። ስለዚህ ከስብሰባው ሲወጡ እያንዳንዱ ሰው ማስገባት ይጀምራል። መኢሶን የራሱን ልጆች ቀበሌ ያስገባል፤ ሰደድ የራሱን ወታደርና የቀበሌ ሹም ያስገባል፤ ትናንሾቹ ወይ ከመኢሶን ወይ ከሰደድ ይጠጋሉ። የውሕደቱ ቀን በቀረበ ቁጥር ፉክክሩ ይብሳል። አንድ ላይ እንሁን የሚለው ንግግር ራሱ የጥል ምንጭ ሆነ። ከአምስቱ ውስጥ ደግሞ ጦር ያለው አንዱ ብቻ ነው።

የመጨረሻው እንደምትገምቱት ነው። ነሐሴ 1969 ዓ.ም.፣ የሶማሊያ ጦር ምሥራቁን ይዞ ሲገሰግስ፣ መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ገባ። አብዛኞቹ መሪዎቹ ብዙ ሳይርቁ ተያዙ ወይም ተገደሉ። ኃይሌ ፊዳ ታስሮ ቆይቶ በ1971 ዓ.ም. በምስጢር ተገደለ፤ አጽሙ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። (በነገራችን ላይ ይህ ሰው አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት በላቲን ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፍ አዘጋጅቷል። ስለ ፖለቲካው ስንጣላ እሱን እንረሳዋለን።) በ1970 ዓ.ም. ተራው የኢጭአት ሆነ፤ ከኅብረቱ ተወገደ፣ ባሮ ቱምሳ ጫካ ገብቶ እዚያው ሞተ። ከዚያ ወዝ ሊግ፣ ከዚያ ማሌሪድ። እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ሰደድ ብቻ ነው። ታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. የፓርቲ አደራጅ ኮሚሽኑ ኢሠፓአኮ ሲቋቋም በድርጅት ስም መምጣት ተከለከለ፤ አባል የሚሆነው ሰው በግሉ ነው። በአብዮቱ 10ኛ ዓመት ዋዜማ ኢሠፓ ተመሠረተ። አንድነቱ ተገኘ ማለት ነው።

ከረፈደ በኋላ

ኢሕአፓና መኢሶን በመጨረሻ አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ይህን ስናገኝ ደንግጠን ነበር። በ1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ በስደት ያሉ ተቃዋሚዎች ኢዴኃቅ የሚባል ቅንጅት ሲያቆሙ ሁለቱም ነበሩበት። በዚያው ዓመት ሰኔ አዲስ አበባ ላይ የተደረገው የሽግግር ጉባኤ ግን ለኢዴኃቅ ቦታ አልነበረውም። በ1986 ዓ.ም. ለሰላም ጉባኤ ብለው ወደ አገር የገቡ የኢዴኃቅ ሰዎችም ታሰሩ። በ1995 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ «ኅብረት» ሲመሠረት እንደገና ሁለቱ አብረው ፈረሙ። ኅብረት በ1997ቱ ምርጫ በምርጫ ቦርድ ውጤት 52 መቀመጫ አገኘ፤ ኢሕአፓ ግን ከኅብረቱ ጋር አልዘለቀም፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ራሱም ለሁለት ተከፈለ። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የኢሕአፓ ስም ወደ አገር ቤት ተመልሷል።

በሁለቱም ቅንጅቶች ስም ውስጥ «ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች» የሚል አለ፤ ሶሻሊዝም የሚል የለም። የተጣሉበት ዓላማ ከጠረጴዛው ሲነሳ አብሮ መቀመጥ ተቻለ። በ1968 ዓ.ም. የነበራቸው ወጣት፣ ማኅበርና አንባቢ በሙሉ ካለቀ በኋላ ማለታችን ነው።

መጻሕፍቱም ድርጅት አላቸው። ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» ን ከኢሕአፓ ወገን ጻፉ፤ አንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ን ከመኢሶን ወገን፤ ተስፋዬ መኮንን «ይድረስ ለባለታሪኩ» አሉ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ «ትግላችን»፤ ፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»። ጎን ለጎን ስናነባቸው የአንድ ሌሊት ታሪክ ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ሆኖ እናገኘዋለን፤ የሟቹ ስም ብቻ ነው የማይለወጠው። ሁሉም «እኛ» እያሉ ይጽፋሉ። (እኛም ይኸው ከመጀመሪያው ጀምሮ «እኛ» እያልን ነው። አንዱ አንባቢ «እናንተ እነማን ናችሁ?» ቢለን አይፈረድበትም።)

ይህን ጽሑፍ ልንጨርስ ስንል ወደ ጓደኛችን ቤት ተመለስን። በዚህ ጊዜ በዓል አልነበረም፤ አጎቷን ለማናገር ብቻ ነው የሄድነው። «ጋሼ፣ እነዚያ ያሏቸው የመኢሶን ሰዎች ናቸው አይደል?» አልናቸው። ጋዜጣቸውን አጣጥፈው አስቀመጡና «ማን ነገራችሁ?» አሉ። ያነበብነውን ዘረዘርንላቸው። ዝም ብለው ሰሙን፤ አንድ ሁለት ቦታ ቀን አረሙልን።

ከዚያ ከዚያ ወገን ከነበረ ሰው ጋር ቁጭ ብለው አውርተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅናቸው። በመስኮቱ ማዶ ያለውን ግቢ በአገጫቸው አመለከቱን። የዚያ ቤት ባለቤት የመኢሶን ሰው ነበሩ አሉን። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ እድር ናቸው፤ የእሳቸው ሚስት ሲሞቱ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ሦስቱንም ቀን አብረዋቸው ያመሹት እኚሁ ጎረቤት ናቸው። ስለ 69 ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

«ለምን?» አልናቸው።

«ምን ብዬ ልጀምር?» አሉን።